«ይሠራል፤ ምን አስነካው?»

በአዲስ አበባ በአንድ ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ውስጥ ስለ አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ ስለ አይፒቪ6፣ ቢነሣ የሚሰማው መልስ ያው ነው። ኔትወርኩ እየሠራ ነው፤ ውስጡ ፕራይቬት አይፒ፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ናቲንግ (ብዙ ማሽኖች አንድ አድራሻ የሚጋሩበት ዘዴ)፤ ታዲያ የሚሠራን ነገር ምን አስነካው? ይህን የሚሉት ሰነፎች አይደሉም። ኮር ስዊች ሲወድቅ በእኩለ ሌሊት የሚደወልላቸው፣ ኤቲኤም ሲቆም ሥራ አስኪያጁ የሚጮህባቸው ሰዎች ናቸው። ጥንቃቄያቸውን አከብራለሁ። ድምዳሜያቸው ግን የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ኔትወርኩ ለማን እንደሚሠራ፣ ሒሳቡንም ማን እንደሚከፍል ሳይጠይቁ በማለፋቸው ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አይፒቪ4 በ1981 ሲደነገግ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አድራሻው 32 ቢት ሆነ። ይህም 4.29 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ይሰጣል፤ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችንና የጦር ምርምር ተቋማትን ለሚያገናኝ ኔትወርክ ከበቂ በላይ ነበር። ከንድፉ አባቶች አንዱ የሆነው ቪንት ሰርፍ ራሱ፣ ያን ቁጥር ለሙከራ ብሎ እንደመረጠውና ሙከራው ግን ሳያበቃ ዓለምን እንዳዳረሰ ደጋግሞ ተናግሯል። ተተኪው አይፒቪ6 የመጀመሪያ ሰነዱ የወጣው በ1995 ነው፤ አድራሻውም 128 ቢት ነው። ከዚያ ወዲህ 30 ዓመት አለፈ። ዓለም አቀፉ የአይፒቪ4 ማከማቻ የመጨረሻዎቹን የአድራሻ ጥቅሎች ያከፋፈለው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ነበር። አፍሪካን የሚያገለግለው የአድራሻ መዝገብ፣ አፍሪኒክ፣ ደግሞ በ2020 መጀመሪያ ወደ መጨረሻው የቁጠባ ምዕራፍ ገባ። በዚህ ምዕራፍ አንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ አያገኝም።

እዚህ ላይ «አፍሪካ ገና ነች፣ የእኛ ድርሻ አልተነካም» የሚል መጽናኛ አለ። ለመላው አፍሪካ የተመዘገበው የአይፒቪ4 አድራሻ ቢደመር ወደ 120 ሚሊዮን ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ያም ሆኖ ማከማቻው በሚገባ አልተጠበቀም፤ አፍሪኒክ ራሱ ባደረገው ማጣራት ከ4 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ያለአግባብ እንደተወሰዱ ደርሶበታል። ከአንድ አባሉ ጋር በገባበት ሌላ ሙግት ደግሞ በ2021 የባንክ ሒሳቡ በሞሪሺየስ ፍርድ ቤት ታገደ፤ በ2023ም ፍርድ ቤት የሾመው ሰው እጅ ገባ። ይህን ጓዳ ተማምኖ የሚቀመጥ የኔትወርክ ኃላፊ፣ ጥንቃቄ ከሚለው ነገር ጋር የት እንደሚገናኝ አይገባኝም።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። መርካቶ ያለ አንድ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ አራት ካሜራ ያስገጥማል። ገጣሚው ወጣት ሽቦውን ዘርግቶ፣ መቅጃውን አስተካክሎ ሲጨርስ ነጋዴው ይጠይቃል፤ «ቤቴ ሆኜ በስልኬ አየዋለሁ አይደል?» «ጋሼ፣ ለዚያ ፐብሊክ አይፒ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ለብቻው ይከፈልበታል።» «ካሜራው የኔ፣ ሱቁ የኔ፣ ለኢንተርኔቱም እከፍላለሁ፤ ሌላ ደግሞ ምን ልክፈል?» ወጣቱ ለዚህ መልስ የለውም፤ መውጫ ግን አለው። የካሜራውን አምራች መተግበሪያ ስልኩ ላይ ይጭንለታል። ከዚያ በኋላ የሱቁ ምስል ባሕር ማዶ ካለ የአምራቹ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ነው ወደ ነጋዴው ስልክ የሚደርሰው። ሱቁና ቤቱ የሚራራቁት በታክሲ 20 ደቂቃ ነው። ነጋዴው «ይሠራል» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሱቁን ማን ጭምር እንደሚያየው ግን አያውቅም፤ ወጣቱም አያውቅም።

ይህ የሆነው የሱቁ ራውተር የራሱ አድራሻ ስለሌለው ነው። ለብዙ ደንበኞች አንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እንደመስጠት ነው፤ ደብዳቤ መላክ ይቻላል፣ ለላኩት መልስ ሲመጣም የሚለይ ሠራተኛ አለ፣ ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ደብዳቤ ግን የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ይጣላል። ቤት ውስጥ ባለው ራውተር የሚደረገው ናቲንግ ሳያንስ፣ ቴሌኮሙ ብዙ ደንበኞችን አንድ አድራሻ የሚያጋራበት ናቲንግ፣ ማለትም ሲጂናት፣ ሁለተኛ ዙር ይጨምርበታል። ለመጀመሪያው ዙር ባለቤቱ ፖርት መክፈት ይችላል። ለሁለተኛው አቤት የሚልበት ቦታ የለውም።

አሁን ደግሞ መሐንዲሶቻችን «ይሠራል» የሚሉትን ሲጂናት ውስጡን ገልጠን እንየው። አንድ ፐብሊክ አድራሻ 65,536 ፖርት አለው። ኦፕሬተሩ ለአንድ ደንበኛ 1,000 ፖርት ቢመድብ፣ ስልሳ አምስት ያህል ሰው አንድ አድራሻ ይጋራል ማለት ነው። ለአንድ ስልክ 1,000 ብዙ ይመስላል። ግን ያ «ደንበኛ» አንዳንዴ ሃያ ሠራተኛ ያለበት ቢሮ ወይም ዋይፋይ የሚያከፋፍል ካፌ ነው፤ ዛሬ አንድ የዜና ገጽ ሲከፈትም ከማስታወቂያውና ከቪዲዮው ጋር በአንድ ጊዜ ብዙ ግንኙነት ይከፍታል። ድርሻው ሲሞላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ገጹ ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹ ይንጠለጠላል፣ ቴሌግራም «በመገናኘት ላይ» ብሎ ይሽከረከራል። ደንበኛው «ኔትወርክ ደከመ» ይላል። ኦፕሬተሩ ጋር ያለው መሐንዲስ የባንድዊድዝ ግራፉን ያያል፤ መስመሩ አልሞላም። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ችግሩ ያለው ማንም በማያየው የሲጂናቱ የፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ብልሽት በየትኛውም የአፈጻጸም ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ ስለማይወጣም ወጪ ተደርጎ አይቆጠርም።

የድምፅ ጥሪውም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች በኢንተርኔት ሲደዋወሉ መተግበሪያው በመካከላቸው ቀጥታ መንገድ ለመክፈት ይሞክራል። ሁለቱም ከሲጂናት ጀርባ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ስለማይሳካለት ድምፁን በራሱ አስተላላፊ ሰርቨር በኩል ያዞረዋል። አስተላላፊው አውሮፓ ካለ፣ ከሳሪስ ካዛንቺስ የተደወለው ጥሪ አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። ወደብ የሌላት አገር የዓለም አቀፍ መስመሯን በጎረቤት በኩል ነው የምታገኘው፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አይፒቪ6 ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይፈታዋል አልልም፤ መሃል ላይ ፋየርዎል ይኖራል፣ መተግበሪያዎችም እንደ ባሕርያቸው ናቸው። ነገር ግን ቀጥታ መንገድ እንዳይኖር የሚያደርገውን ዋናውን ግድግዳ ያነሣል።

ሌላም የጋራ አድራሻ ጣጣ አለ። ከስልሳ አምስቱ ተጋሪዎች አንዱ ስፓም ቢልክ ወይም ስልኩ በቫይረስ ቢያዝ፣ ድረ ገጾች የሚያግዱት አድራሻውን ነው። ሌሎቹ ስልሳ አራት ሰዎች የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል እየመረጡ ሮቦት አለመሆናቸውን ሲያስረዱ ይውላሉ። ነገሩ ወደ ወንጀል ሲሄድ ይከፋል። የአውሮፓ ፖሊሶች የትብብር ተቋም የሆነው ዩሮፖል በኦክቶበር 2017 በይፋ ወጥቶ ሲጂናት ይብቃ ያለው ለአይፒቪ6 ፍቅር ኖሮት አልነበረም። ድረ ገጾች የሚመዘግቡት አብዛኛውን ጊዜ አድራሻውን እንጂ ፖርቱን አይደለም፤ ስለዚህ መርማሪ አንድ ተጠርጣሪ ፈልጎ የብዙ ንጹሐን ሰዎች ስም ዝርዝር ይሰጠዋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ቢገኝ ደስ የሚለው ማን ነው?

«ይሠራል» ባዮች ሁለተኛው ምሽጋቸው ገንዘብ ነው። መቀየር ውድ ነው፣ መቆየት ነፃ ነው ይላሉ። መቆየት ግን ነፃ ሆኖ አያውቅም። ማይክሮሶፍት በ2011 ከከሰረው ኖርቴል 666,624 አድራሻዎችን በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ አንዱ 11 ዶላር ከሩብ ገደማ ደረሰ፤ በ2021 የገበያው ዋጋ ወደ 50 ዶላርና ከዚያም በላይ ወጥቶ ነበር። አማዞን ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በክላውዱ ላይ ለእያንዳንዱ ፐብሊክ አይፒቪ4 በሰዓት ግማሽ የዶላር ሳንቲም ያስከፍላል። ግማሽ ሳንቲም ምናምኒት ይመስላል፤ በዓመት ግን ወደ 44 ዶላር ይሆናል፣ በአሥር ሰርቨር 440 ዶላር። ብሩ በጁላይ 2024 ከተንሳፈፈ ወዲህ ይህ ገንዘብ ለአንድ የአዲስ አበባ ጀማሪ ድርጅት ምን ማለት እንደሆነ ዶላር ፍለጋ ባንክ ለባንክ የዞረ ያውቀዋል።

እርግጥ ነው፣ የገበያው ዋጋ ከዚያ ወዲህ ወርዷል፤ ተከራካሪዎቼም ይህን ያነሣሉ። «እጥረት ቢኖር ዋጋው ይወርድ ነበር?» ዋጋው የወረደው ግን አድራሻ ስለተትረፈረፈ አይደለም። ትልልቆቹ ገዢዎች ፊታቸውን ወደ አይፒቪ6 ስላዞሩ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ረከሰልን ብለን የምንገዛው ባለጸጎቹ የተዉትን ነው። ደግሞም ከአድራሻው በላይ የሚያስወጣው ሲጂናት የሚሠራው መሣሪያ፣ ፈቃዱ፣ በየሰከንዱ የሚመዘገበው ሎግና ሎጉን የሚይዘው ስቶሬጅ ነው። ደንበኛ በጨመረ ቁጥር እነዚህ ሁሉ ይጨምራሉ። አንድ ጊዜ የሚወጣን ወጪ ፈርቶ በየዓመቱ የሚያድግ ኪራይ መክፈል ቁጠባ ከተባለ፣ እንግዲህ ምን ይባላል።

ፕራይቬት አይፒውም ቢሆን ማለቂያ የለውም ብሎ ማሰብ አይገባም። በ10 የሚጀምረው ሰፈር 16.7 ሚሊዮን አድራሻ ብቻ ነው የሚይዘው። የአሜሪካው የኢንተርኔት አቅራቢ ኮምካስት ያን ሁሉ ጨርሶ ወደ አይፒቪ6 ያመራው ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል፤ ከእነዚህ ግማሽ የማይሞሉት እንኳ ዳታ ቢጠቀሙ ቁጥሩ በዚያ ሰፈር አይገባም። ያለው አማራጭ ያንኑ አድራሻ በተለያየ ክልል መደጋገም ነው፤ ይህም ሌላ ናቲንግ፣ ሌላ ሠንጠረዥ፣ ሌላ የእኩለ ሌሊት ስልክ ነው።

ከተቃራኒው ወገን የማከብረው ክርክር አንድ ነው፤ እሱም ከአገር ውስጥ አይደለም። የእስያ ፓሲፊኩ የአድራሻ መዝገብ ዋና ሳይንቲስት ጄፍ ሂውስተን በ2024 ባወጣው ጽሑፍ የዛሬው ኢንተርኔት በአድራሻ ላይ መቆሙን እንዳቆመ ይከራከራል። ቪዲዮውም፣ ገጹም፣ መተግበሪያው ሁሉ ከተጠቃሚው አጠገብ ከተተከሉ የጥቂት ኩባንያዎች ሰርቨሮች ነው የሚመጣው፤ አገልግሎቱን የሚለየው ስሙ እንጂ አድራሻው አይደለም፤ ስለዚህ ሽግግሩን የሚያስጨርስ ግፊት ጠፍቷል ይላል። እንደ ገለጻ ትክክል ነው። ለአንዳንድ የአገራችን ሰዎች ግን ገለጻው ፈቃድ ሆኖላቸዋል፤ «ጄፍ ሂውስተን እንኳ አያስፈልግም ብሏል» ሲባል ሰምቻለሁ። ሰውየው እየነገረን ያለው ኢንተርኔት በጥቂት አከፋፋዮች እጅ እንደገባ ነው። ያ ለካሊፎርኒያ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል፤ አከፋፋዮቹ የእሷ ናቸውና። የራሷን ይዘት፣ የራሷን ክፍያ፣ የራሷን ዳታ ሴንተር ልትገነባ የምትፈልግ አገር ግን ዜጎቿ ተቀባይ ብቻ ሆነው የሚኖሩበትን አሠራር እንደ ተፈጥሮ ሕግ የምትቀበልበት ምክንያት የለም። አንድ የጅማ ወይም የባሕር ዳር ተማሪ የሠራትን ትንሽ ሰርቨር ከቤቱ አስነሥቶ ለጓደኛው ማሳየት ካልቻለ፣ መጀመሪያ የሚማረው ነገር ክላውድ ለመከራየት የውጭ አገር ካርድ እንደሚያስፈልግ ነው።

የደኅንነቱ ክርክር ግን ትዕግሥቴን ይፈታተነዋል። «ናቲንግ ይሸሽገናል፤ አይፒቪ6 ሁሉንም ማሽን ገላልጦ ያወጣዋል።» የሚጠብቀው ፋየርዎል ነው፤ ናቲንግ ከጎኑ ስለቆመ ሰው ሥራውን ለእሱ ይሰጠዋል። ከውጭ የሚመጣን ያልተጠራ ግንኙነት አግድ የሚለው ደንብ በአይፒቪ6 ፋየርዎል ላይ አንድ መስመር ነው፤ ዕዳው ገብስ ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2013 ዜድማፕ በተባለ መሣሪያ መላውን የአይፒቪ4 ዓለም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መቃኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። አንድ ተራ የአይፒቪ6 ሰብኔት ግን ብቻውን የመላው አይፒቪ4 ካሬ ያህል አድራሻ ስላለው እንዲህ አይታሰስም።

ዋናው አደጋ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። «እኛ አይፒቪ6 የለንም» የሚለው ቢሮ አይፒቪ6 አለው። ከ2007ቱ ቪስታ ጀምሮ እያንዳንዱ ዊንዶውስ አብርቶት ይመጣል፤ ስልኮቹም፣ ፕሪንተሮቹም እንዲሁ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣና በየተወሰነ ጊዜ በኔትወርኩ ላይ «አይፒቪ6 የሚሰጥ አለ?» እያለ ይጠይቃል። ሕጋዊ መልስ ሰጪ ስለሌለ፣ ስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ላፕቶፕ የሰካ እንግዳ «እኔ አለሁ» ቢል ያምነዋል፤ ስም ፈቺ ሰርቨር አድርጎም ይሾመዋል። ይህን የሚያሳይ መሣሪያ ከ2018 ጀምሮ በይፋ ወጥቶ የደኅንነት ፈታሾች የዕለት ተዕለት መገልገያ ሆኗል። ብዙ ጊዜም ይሳካላቸዋል፤ ምክንያቱም ስዊቹ ላይ የአይፒቪ4ቱን አጭበርባሪ የሚከለክል ደንብ ተጽፎ፣ የአይፒቪ6ቱን የሚከለክለው አልተጻፈም። ማንም ያልተማረውን ፕሮቶኮል ማን ይጠብቀዋል? አይፒቪ6ን አለማወቅ መከላከያ መስሎ የታየው የተጠቃ ሰው ሎጉን ስለማያየው ነው።

«ሌሎች ይሞክሩት፣ እኛ እናያለን» ለሚለውም መልሱ ተሞክሯል ነው። ሕንድ ውስጥ ሪሊያንስ ጂዮ በሴፕቴምበር 2016 ሥራ ሲጀምር ለመቶ ሚሊዮኖች የሚበቃ አይፒቪ4 የሚያገኝበት ቦታ ስላልነበረው ኔትወርኩን በአይፒቪ6 ላይ አቆመ። በ170 ቀን 100 ሚሊዮን ደንበኛ አፈራ። አንድም ደንበኛ ስለ ፕሮቶኮል የጠየቀው አልነበረም ብል የምሳሳት አይመስለኝም። አሜሪካ ውስጥ ቲሞባይል ስልኮቹን አይፒቪ6 ብቻ አድርጎ፣ አሮጌዎቹን ድረ ገጾች በትርጉም ያደርስላቸዋል፤ አንድሮይድ ይህን ትርጉም ከ2013 ጀምሮ በውስጡ ይዟል፣ አፕል ደግሞ ከጁን 2016 ወዲህ በአይፒቪ6 ብቻ የማይሠራ መተግበሪያ አልቀበልም ብሏል። ጉግል በሚያወጣው መለኪያ ወደ እሱ ከሚመጡት ተጠቃሚዎች ግማሽ ገደማው በአይፒቪ6 ነው የሚደርሱት። ይህ ከእንግዲህ ሙከራ አይባልም።

ለመጨረሻዎቹ ተቃዋሚዎቼ አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። የአይፒቪ6 ነዳፊዎች አዲሱን ከአሮጌው ጋር በቀጥታ የማይነጋገር አድርገው መሥራታቸው ትልቅ ዋጋ አስከፍሏል፤ ሰባኪዎቹም ፍጥነት ይጨምራል፣ ደኅንነት በነፃ ይመጣል እያሉ ያልተገባ ተስፋ ሸጠዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ፣ ማለትም ዱዋል ስታክ፣ በእውነት አድካሚ ነው። ሁለት የፋየርዎል ደንብ፣ ሁለት ክትትል፣ ብልሽት ሲፈለግም ሁለት ቦታ። ነገር ግን ይህ የሚያስረዳው ዱዋል ስታክን አጭር ማድረግ እንዳለብን ነው። ሜታ በዳታ ሴንተሮቹ ውስጥ ያለውን ኔትወርክ ከሞላ ጎደል አይፒቪ6 ብቻ ያደረገው ሁለቱን ማስተዳደር ስለሰለቸው ጭምር ነው። እኛ ደግሞ አሮጌ ንብረት ብዙም የለንም። የባንኮቻችን ዳታ ሴንተሮች ገና እየተተከሉ ነው፤ ሁለተኛው የሞባይል ኦፕሬተር አገልግሎት የጀመረው በኦክቶበር 2022 ነው። አዲስ ቤት ውስጥ የሚዘረጋን መስመር ከመጀመሪያው በትክክል መዘርጋት፣ ከ40 ዓመት ክምችት ጋር ከሚታገሉት ይልቅ ለእኛ ይቀላል።

ሥራው የሚጀመረው ከኮር ስዊቹ አይደለም፤ ከጨረታ ሰነዱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በኖቬምበር 2020 ለመሥሪያ ቤቶቹ ባወጣው መመሪያ በ2025 የበጀት ዓመት መጨረሻ ከመሣሪያዎቻቸው 80 በመቶው አይፒቪ6 ብቻ እንዲሆኑ አዝዞ ነበር። ቼክ ሪፐብሊክ የመንግሥት አገልግሎቷን በአይፒቪ4 መስጠት የምታቆምበትን ቀን ጁን 6 ቀን 2032 ብላ ቆርጣለች። ዛሬ አንድ ባንክ ወይም ሚኒስቴር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ራውተርና ፋየርዎል እስከዚያ ቀን ድረስ መደርደሪያው ላይ ይቆያል። በሰነዱ ላይ «አይፒቪ6 ይደግፋል» የሚል ሣጥን አለ፤ አቅራቢው ሁሉ ምልክት ያደርግበታል፤ ኮሚቴው ያልፈዋል። ከዚያ ይልቅ፣ አይፒቪ4 ተዘግቶ መሣሪያው ላይ መግባት፣ ሎግ መላክ፣ ቪፒኤን ማስነሣትና ሶፍትዌር ማደስ እንደሚቻል አቅራቢው በኮሚቴው ፊት ሠርቶ ያሳይ የሚል አንድ አንቀጽ ይግባ። የሚፈጀው ግማሽ ቀን ነው፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት።